በር ላይ የሚገጠመው ቬንትሌተርና የአማቴ ከሰል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ ስለ ቤት ኃይል ቁጠባ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ወርክሾፕ ውስጥ፣ አንዴ ማታ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ። ጸሐፊው እንደ ውጭው አገር እኛም ጋ አዲስ ቤት ሁሉ አየር ማፍሰስ አለማፍሰሱ በመሣሪያ ይለካ፣ ካላለፈ የመጠቀሚያ ፈቃድ አይሰጠው ይላሉ። ሐሳቡን አልጣላውም። ግን የተነገረው ግማሹ ብቻ ነው። ባልተነገረው ግማሽ ደግሞ እኔ ቤት ሰው ሊሞት ለጥቂት ነው የተረፈው።

ማን ነህ ካላችሁኝ፣ ሽምብጥ አካባቢ አሉሚኒየምና መስታወት የምሠራ ሰው ነኝ። 14 ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ኤልቲዜድ የሚባለውን የበርና የመስኮት ብረት ነበር የምበይደው። ኋላ ደንበኛው ሁሉ "ተንሸራታች አሉሚኒየም ካልሆነ" ሲል እኔም ብየዳውን ትቼ መቁረጫ ማሽን ገዛሁ። እና ስለ ቤት ቀዳዳ ሳወራ ከወሬ ተነስቼ አይደለም። ባሕር ዳር ውስጥ ካሉት ቀዳዳዎች የተወሰኑትን የተውኳቸው እኔው ነኝ።

አዎ፣ ልናዘዝ። ግንበኛው የመስኮት ቦታ ትቶልን ሲሄድ የላዩና የታቹ ስፋት አይገናኝም። እኛ ፍሬሙን በጠባቡ በኩል ለክተን እንሠራለን፣ በሰፊው በኩል ሁለት ሦስት ሳንቲም ክፍት ይቀራል። በደንቡ ቢሆን ፎም፣ ክፍተት የሚሞላው አረፋ፣ መነፋት ነበረበት። ፎም ውድ ነው፤ ባለቤቱም በዋጋ ሲከራከር ከርሞ አድክሞሃል። ስለዚህ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ይጠቀጠቅበትና ከላይ ሲሊኮን ይለቀለቃል። ያምራል። ባለቤቱ በጣቱ ዳሰስ አድርጎ "ጎበዝ!" ይልና ቀሪውን ሂሳብ ይከፍላል። ክረምት ሲገባ ንፋሱም ዝናቡም በዚያው ይገባል።

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። የሚሠራው ሥራ ግራ ሲያጋባን ኖሯል። አክስቴ "ልጄ ሰው በር ላይ ቬንትሌተር እየገጠመ ነው ዶላር የሚያገኘው" ስትል ሰፈሩ ይስቅ ነበር። አምና ለጥምቀት ሲመጣ ቁጭ አድርጌ ጠየቅሁት።

ነገሩ ቀላል ነው። ቤቱ ሲያልቅ መስኮቱ ሁሉ ይዘጋል፣ የውስጥ በሮች ይከፈታሉ። የውጭው በር ላይ በሚሰፋና በሚጠብ ፍሬም የተወጠረ ሸራ ይገጠማል፤ ሸራው ላይ ትልቅ ቬንትሌተር አለ። ቬንትሌተሩ የቤቱን አየር ወደ ውጭ ይጎትታል። የውስጡ ግፊት ከውጭው በ50 ፓስካል እስኪያንስ ድረስ ፍጥነቱ ይጨመራል። 50 ፓስካል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በቱቦ ውስጥ ያለን ውሃ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ የሚያደርግ ግፊት ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ ንፋስ ቤቱን በአራቱም ጎን በአንድ ጊዜ ቢመታው እንደማለት ነው። ያን ግፊት ይዞ ለመቆየት ቬንትሌተሩ በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ አየር አወጣ? የወጣው ሁሉ በሆነ ቀዳዳ ተመልሶ የገባ ነው። ያ ለቤቱ ይዘት ይካፈላል። የቤቱ አየር በሰዓት ስንት ጊዜ እንደተቀየረ የሚናገረው ቁጥር ያ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

እነሱ ጋ ብዙ ክፍለ ግዛቶች የሚከተሉት የኃይል ኮድ በቀዝቃዛውና በመካከለኛው አካባቢ ይህ ቁጥር በሰዓት ከ3 ጊዜ እንዳይበልጥ ይላል። ሞቃት በሆነው ደቡብ እስከ 5 ይፈቀዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ኮድ እስከ 7 ይፈቅድ ነበር፣ ያውም በዓይን ብቻ ታይቶ ማለፍ ይቻል ነበር፤ በመሣሪያ መለካት ግዴታ የሆነው በ2012ቱ ነው። ጀርመኖቹ "ፓሲቭ ሃውስ" በሚሉት ቤታቸው ደግሞ 0.6 ላይ አድርሰውታል። ቤት ነው ወይስ ቴርሞስ?

በኔ ቤት እናስላው። 80 ካሬ ነው፣ ኮርኒሱ 2 ሜትር ከ80 ላይ ነው። ይዘቱ 224 ሜትር ኩብ መጣ። 3 ጊዜ ማለት በዚያ ግፊት በሰዓት 672 ሜትር ኩብ አየር ነው። በአዘቦቱ ቀን ግን 50 ፓስካል የሚባል ግፊት የለም፤ ባለሙያዎቹ በግርድፉ ቁጥሩን ለ20 ያካፍሉታል። 3 ለ20 ሲካፈል 0.15 ነው። እንዲህ ያለ ቤት ዝም ብሎ ሲዘጋ አየሩ አንዴ ለመቀየር ከ6 ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅበታል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አንድ ያስደሰተኝን ነገር ሳልናገር አላልፍም። መሣሪያው የተጀመረው ስዊድን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ያኔ በር ላይ ሳይሆን መስኮት ላይ ነበር የሚገጠመው። ወደ አሜሪካ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ተመራማሪዎቹ ቤቶቹን ለኩና ተገረሙ። በበርና በመስኮት ዙሪያ ያለው ክፍተት ከጠቅላላው ትንሹ ነው። ትልቁ ማንም የማያየው ነው፤ ከግድግዳ ወደ ጣሪያ የሚወጣው፣ በቧንቧ ዙሪያ ያለው፣ ከኮርኒስ በላይ ያለው። አያችሁ? ስንት ዓመት ሙሉ ንፋስ በገባ ቁጥር የሚጠራው አሉሚኒየም ሠሪ ነው!

የአክስቴ ልጅ ማሽኑን ይዞ አልመጣም። ይዞት ቢመጣም እንዳለ አይሠራም አለኝ፤ ሜሪላንድ ባሕር ጠለል አጠገብ ነው፣ እኛ 1,800 ሜትር ላይ ነን፣ አየራችን አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፣ ስለዚህ ንባቡ በሒሳብ መስተካከል አለበት። (ጸሐፊው "መሣሪያው ይግባ" ሲሉ ይህንንም ቢያስቡበት።) እኛ ግን ቁጥር አልፈለግንም፣ ቀዳዳውን ነው የፈለግነው። የፍሪጅ ካርቶን አምጥተን በሩን ዘጋን፣ መሃሉን ቀደን የጓደኛዬን ትልቅ ቬንትሌተር ወደ ውጭ አዙረን አስገባንበት፣ ጠርዙን በፕላስተር አሸግነው። ከዚያ ሰንደል ለኩሰን ግድግዳ ግድግዳውን መዞር ጀመርን። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና ነው። ከተወላገደ ቀዳዳ አለ። ልጆቼ ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ "እዚህ! እዚህም!" ይላሉ። ጎረቤታችን እትዬ በመስኮት አይተውን "ምን አግኝቷችሁ ነው ቤቱን የምታጥኑት?" አሉ።

ያገኘነው ጉድ ነው። የሠራሁት መስኮት ላይ ጭሱ ትንሽ ነው የተነቃነቀው፣ ብሩሹ ባለቀበት በተንሸራታቹ መጋጠሚያ በኩል ብቻ። ሶኬቶቹ ግን ይተነፍሳሉ። የሽንት ቤቱ ቧንቧ ግድግዳውን የሚበሳበት ቦታ እጅ ያስገባል፤ ልስኑ ከላይ ነው እንጂ ከጀርባው ባዶ ነው። የሁሉም አለቃ ኮርኒሱ ነው። የመብራቱ ቀዳዳ፣ የቺፕውዱ ጠርዝ፣ ኤሌክትሪከኛው ወደ ጣሪያ የወጣበት መውጫ። ሰንደሉን ወደዚያ ስናስጠጋ ጭሱ ወደ ታች ተመልሶ ፊታችን ላይ ይመጣል። ቀን ቀን ከቆርቆሮው ሥር የሚጋገረው አየር በዚያ ነው መኝታ ቤት የሚወርደው። አቧራውም እንደዚሁ። ትንኙስ? በሩን በመሸ ጊዜ ቀርቅረን፣ መስኮቱን ዘግተን፣ ታዲያ በየት ነው የሚገባው እያልን ስንት ዓመት ተገረምን።

በሁለት ቀን ደፈንነው። ለራሴ ቤት ስለሆነ ፎሙን ሳልሰስት ነፋሁ። ልዩነቱ በሳምንቱ ታየ፤ የቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ላይ አቧራው ቀረ፣ የባጃጁ ጩኸት ቀነሰ፣ ትንኙም ቀነሰ። የአክስቴ ልጅ ተደስቶ ተመለሰ። እኔም ለደንበኛ ሁሉ አወራሁ።

ሰኔ ላይ አማቴ ከዘጌ መጡ። ቡና ይዘው ነው የመጡት፣ የዘጌን ቡና ለምታውቁት ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ማታ መብራት ጠፋ። ዝናቡ ይወርዳል። በር ቢከፈት ዝናብ፣ መስኮት ቢከፈት ትንኝ። አማቴ ከሰሉን በረንዳ ላይ አቀጣጥለው፣ ፍሙ ነጭ አመድ እስኪለብስ ጠብቀው፣ "አሁን ጭስ የለውም" ብለው ሳሎን አስገቡት። ሁላችንም የምናደርገው ነው። አቦሉ ተጠጣ፣ ወሬው ደርቷል። ቶናው ላይ ባለቤቴ "ራሴን" አለች። በረካው ሳይደርስ ትንሹ ልጅ አስመለሰው። እኔ ወባ ነው አልኩ፤ ወቅቱ ነው፣ ባሕር ዳር ነን፣ ሌላ ምን ይታሰባል? አማቴ ውሃ ሊያመጡለት ሲነሱ ጉልበታቸው ከዳቸውና ግድግዳው ላይ ተደገፉ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በሩን በርግጄ ሁሉንም በረንዳ ላይ አወጣኋቸው። ዝናብ ላይ ተቀምጠን፣ ልጁን አቅፌ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀችው "ከሰል ነበር?" ብላ ነው። ለሷ አዲስ አይደለም።

ስንቱ ሰው እንደኔ እንደሚሳሳት ስለማውቅ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የከሰል አደጋው የሚታየው ጭስ አይደለም። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም። ፍሙ ነጭ ሲሆን፣ "ጠራ" የምንለው ጊዜ፣ ጋዙ አልቆመም። ደም ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ አንዴ ከያዘው ቶሎ አይለቅም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት፣ ከዚያ እንቅልፍ። እንቅልፉ ነው የሚያስፈራው።

በፊት እኛ ቤት ከሰል ሲነድ ለምን ማንንም አልጣለም? በኮርኒሱ ይወጣ ስለነበር ነው። እኔ ደፈንኩታ! ያዙልኝ ያልኳችሁ ቁጥር ይኸው፦ የቤቱ አየር ለመቀየር ከ6 ሰዓት በላይ። የኔን ቤት በቁጥር አልለካሁትም፣ ግን ለአንድ የቡና ሥርዓት የሚበቃ አየር እንዳልነበረው አየሁት።

አማቴ በማግስቱ ሲሻላቸው "የኔ ጭቃ ቤት ስንት ዘመን ሲነድበት ማንን ጣለ? እናንተ ቤት ሠራን ብላችሁ ጣሳ ውስጥ ገብታችሁ" አሉኝ። ምን ይመለስላቸዋል? የሳቸው ቤት ግድግዳውና ቆርቆሮው በሚገናኙበት ዙሪያውን ክፍት ነው። ጭሱ በዚያ ይወጣል። ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ የወባ ትንኝም በዚያው ነው የሚገባው፤ ግድግዳውን ተከትሎ ሽቅብ ይወጣና ከጣሪያው ሥር ሾልኮ ይገባል። የዚያን ክፍተት መዝጋት ቀልድ አይደለም። ጋምቢያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት አለ፤ በርና መስኮቱ ወንፊት የተደረገለት ወይም ኮርኒሱ በወንፊት የተሸፈነለት ቤት ውስጥ የሚገባው የወባ ትንኝ በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ልብ በሉ፣ ወንፊት ነው ያሉት። ወንፊት ትንኝ ያስቀራል፣ ጋዙን ያሳልፋል። እኔ የነፋሁት ፎም ሁለቱንም ነው ያስቀረው።

ለአክስቴ ልጅ ስደውልለት ጮኸ። "ከሰል! ቤት ውስጥ ከሰል እንደምታነዱ እንዴት ረሳሁት!" አለ። ከዚያ በጥር ያልነገረኝን ነገረኝ። እነሱ ጋ ሲለኩ መጀመሪያ የሚያደርጉት ምድጃውንና በጋዝ የሚነደውን ነገር ሁሉ ማጥፋት ነው፤ አለበለዚያ ቬንትሌተሩ ጭሱን ወደ ቤት ይስበዋል። ሌላው ደግሞ፣ ጸሐፊያችን የዘለሉት ይህ ነው፣ እዚያ የመኖሪያ ቤት ኮዱ ቤቱ ተለክቶ ከ5 በታች ከሆነ በማሽን የሚሠራ የአየር ማናፈሻ የግድ ይግጠም ይላል። እነሱ ቤቱን አፍነው አይተዉትም፤ አየሩ በፈለጉት ቦታ፣ በፈለጉት መጠን እንዲገባ ነው ሌላውን የሚደፍኑት። እኛ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ቀድደን ልናመጣ ነው እንዴ?

ደግሞ እነሱ የሚደፍኑት ለምን እንደሆነ አንርሳ። ክረምታቸው በረዶ ነው፣ ቤቱን ያሞቁታል፣ ያሞቁት አየር ከወጣ ብር ነው የወጣው። እኛ ባሕር ዳር ማን ቤት ያሞቃል? የኛ ጣጣ የቀኑ ፀሐይና ቆርቆሮው ነው። ከሰዓት ከጣና የሚነሳው ንፋስና ሌሊቱ ቤቱን በነፃ ያቀዘቅዙልናል፣ የሚከፈት መስኮት ካለ። ስለዚህ የኃይል ቁጠባው ወሬ በተራው መኖሪያ ቤት ላይ ብዙም አይሠራም። የሚሠራው ኤሲ ያለበት ቦታ ነው። አንድ ሐይቁ ዳር ያለ እንግዳ ማረፊያ ጠርቶኝ ነበር፤ "ኤሲው ክፍሉን አያቀዘቅዝም፣ ትልቅ ቀይረን እንኳ ያው ነው፣ መስኮትህ ነው የሚያፈስሰው" ብለው። ሰንደሌን ይዤ ሄድኩ (አሁን ሥራ ስሄድ ሰንደል ኪሴ ውስጥ አለ)። መስኮቱ ደህና ነው። ኤሲው በወጣው ብር ልክ የሚያቀዘቅዘው ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ቆርቆሮ ነበር። እንዲህ ያለ ሕንፃ ይለካ። ሆቴሉ ይለካ፣ ባንኩ ይለካ፣ ቢሮው ይለካ፣ እኔም እጄን አወጣለሁ።

መኖሪያ ቤት ላይ ግን ሌላ ጥያቄ ይቅደም። ዓባይ ማዶ አንድ አዲስ አፓርታማ ላይ ሠርቻለሁ፤ ስሙን አልጠራም። ፕላኑ ላይ ሁለት ክንፉም የሚንሸራተት የነበረው የመኝታ ቤት መስኮት ሥራው ላይ ሲደርስ ወጪ ለመቀነስ ሁለት ሦስተኛው የማይከፈት መስታወት ሆነ። ማዕድ ቤቱ ወደ ኮሪደር ነው የሚተነፍሰው። "ሰው እዚህ ከሰል ቢያነድስ?" ብዬ ጠየቅሁ። "አፓርታማ ላይ ከሰል አይነድም" አሉኝ። መብራት ሲጠፋ ይህን ለነዋሪው ማን እንደሚነግረው አላውቅም። መስታወቱን የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ሂሳቤንም ተቀብያለሁ። ያንገበግበኛል።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በ2001 ዓ.ም. ወጥቷል። ከሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1995 ከወጡት የሕንፃ ኮድ ስታንዳርዶች ቁጥር 11 የሚባለው ራሱን ችሎ ስለ አየር ማናፈሻ ነው። ግን ቤት ሊቆጣጠር የመጣ ሰው ከአጥር ያለውን ርቀትና ብረቱን ሲለካ እንጂ "ይህ መስኮት ይከፈታል?" ብሎ እጀታውን ሲስብ በ14 ዓመቴ አላየሁም። አንድም ቀን።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ ማሽን ከመግዛታችን በፊት ይህን እናድርግ። የመጠቀሚያ ፈቃድ የሚሰጠው ሰው መኝታ ቤት ገብቶ መስኮቱን ይክፈት፤ የሚከፈተው ላይ ወንፊት መኖሩን ይይ። ማዕድ ቤቱ ጭሱን ወደ ሰማይ እንጂ ወደ ኮሪደር እንዳይልክ ያረጋግጥ። ኮርኒስና ጣሪያ መካከል ያለው አየር መውጫ ይኑረው፣ ግን በወንፊት። ከዚያ በኋላ ኤሲ ያለውን ሕንፃ በማሽን ይለኩ፤ ከተማችን ውስጥ ይህን መሣሪያ ገዝቶ ወጣት የሚያሠለጥን የቴክኒክ ተቋም ቢኖር እኔም ልጄን እልካለሁ። እስከዚያው ሰንደልና የፍሪጅ ካርቶን ለማንም አይቸግርም። በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ ያን ቀን ቤት ውስጥ እሳት አይኑር።

የኔን ቤት ነገር ልጨርስ። የመኝታ ቤቶቹን ድፍን አልነካሁትም፤ እዚያ እሳት አይገባም፣ መስኮቱም ላይ ወንፊት አድርጌ ማታ እከፍተዋለሁ። ሳሎኑ ላይ ከበሩ ማዶና ማዶ፣ አንዱን ከታች አንዱን ከላይ፣ ወንፊት ያላቸው ሁለት መተንፈሻዎች በሳሁ፤ ራሴ የደፈንኩትን ግድግዳ ራሴ ስበሳ ባለቤቴ ቆማ ስቃብኛለች። ከሰል ግን ያም ተበስቶ ወደ ውስጥ አይገባም ብያለሁ፣ በረንዳ ላይ ነው። አማቴ ትናንት ደውለው ለበዓል እንደሚመጡ ነግረውናል። የበረንዳውን ነገር ስነግራቸው "በረንዳ ላይ የሚጠጣ ቡና ምን ወግ አለው" ብለው አኩርፈዋል።

አንባቢያችሁ፣
ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ